በላሁዎት

አቶ ወልደ ሚካኤል ተሸንፈው አያውቁም። በዳማ አልተሸነፉም፤ በካርታ አልተሸነፉም፤ መሥሪያ ቤታቸው ሠራተኞቹን ሶደሬ ለመዝናናት በወሰደ ጊዜ በተደረገው የገመድ ጉተታ እንኳን እሳቸው ያሉበት ወገን አሸንፏል። ያን ዕለት በወዲያኛው ጫፍ የተሰለፉት በሙሉ የግምጃ ቤት ጫኝና አውራጆች ነበሩ። ገመዱ ገና ጠበቅ ከማለቱ ተያይዘው ሣሩ ላይ ተዘረሩ። አንደኛውማ ተነሥቶ እጃቸውን ጨብጦ «ጉልበትዎ ለጉድ ነው» ብሏቸዋል።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመምሪያ ኃላፊ ነበሩ። ጡረታ እንደወጡ ደግሞ የሰፈራቸው እድር ዳኛ አድርጎ መረጣቸው። ከአንዱ ወንበር ተነሥተው ሌላው ላይ ስለተቀመጡ፣ በመሀል ሰው ሊያሸንፋቸው የሚችልበት ክፍት ጊዜ አልነበረም። እሳቸው ግን ነገሩን በችሎታ ነበር የሚተረጉሙት።

«እኔ ዳማ ላይ ልዩ ዓይን አለኝ» ይላሉ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ የሻረግ።

«እንዴታ» ይላሉ ወይዘሮ የሻረግ፣ ከሚለቅሙት ምስር ቀና ሳይሉ።

ወይዘሮ የሻረግ ባላቸውን አንቱ ነው የሚሉት። ልጆቻቸውም አንቱ ይሏቸዋል፤ የልጆቻቸው ሚስቶችም፤ የእድሩ አባል ሁሉም። አንተ ይሏቸው የነበሩት የመጨረሻው ሰው ታላቅ ወንድማቸው ነበሩ። እሳቸውም ሞቱ። እድሩ ደኅና አድርጎ ቀበራቸው።

አንድ እሑድ ከእድሩ ስብሰባ በኋላ አቶ ወልደ ሚካኤል እንደ ልማዳቸው ከእድሩ ጸሐፊ ከአቶ ደገፋ ጋር ሁለት ዳማ ተጫወቱ። ሁለቱንም አሸነፉ። ከዚያ እጃቸውን ሊታጠቡ ድንኳንና ወንበር ከሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ጀርባ ወዳለው ቧንቧ ሄዱ። ቧንቧው ውኃ አልነበረውም። ውኃ ቢኖረው ኖሮ እየተንሿሿ ይሸፍንላቸው ነበር፤ አሁን ግን በቆርቆሮው ግድግዳ ውስጥ የሚወራው ሁሉ ጥርት ብሎ ተሰማቸው።

የሚያወሩት ራሳቸው አቶ ደገፋ ነበሩ። አቶ ደገፋ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የእንጨት ሥራ ቤት ያላቸው፣ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠሩ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። የሚያዳምጣቸው የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ሙሌ ነው።

«ለጋሼ መሸነፍ ቀላል ሥራ እንዳይመስልህ» ይላሉ አቶ ደገፋ። «ሦስት ቆርኪ ባንዴ የምትበላበት መንገድ ወለል ብሎ ሲከፈትልህ፣ አለማየት አለ አይደል? እሱ ነው የሚገድለኝ። ማታ ራሴን ጠፍንጎ ይይዘኛል።»

«ታዲያ አንዴ ለምን አይበሏቸውም?» አለ ሙሌ።

«በልቼስ ምን እላለሁ? ‹በላሁዎት› ልበል?»

ሙሌ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ለመሞከር ያህል «በላሁዎት» አለ።

ቃሉ ለራሱም ጎረበጠው።

«አይሆንም» አለ ሙሌ።

«አልኩህ እኮ።»

አቶ ወልደ ሚካኤል እጃቸውን ሳይታጠቡ ቤታቸው ገቡ። ወይዘሮ የሻረግ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«የሻረግ፣ እኔ ዳማ እችላለሁ?»

«እንዴታ።»

«እውነቱን ንገሪኝ።»

ወይዘሮ የሻረግ ሰፌዱን ከጉልበታቸው ላይ አወረዱ። «እኔ እኮ ዳማ ምን እንደሆነ አላውቅም» አሉ። «በቆርኪው ነው አይደል?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አቶ ወልደ ሚካኤል አንድ ነገር ብቻ አማራቸው፦ የምሩን የሚጫወት ሰው። አንድ ጊዜ ብቻ። ቢያሸንፉ ማሸነፋቸውን ያውቁታል፤ ቢሸነፉም ያው መሸነፋቸውን ያውቁታል። አሁን ግን የትኛውን እንደሆኑ አያውቁም። በዚህ ዕድሜ ሰው ስለ ራሱ ይህን ያህል ነገር ሳያውቅ መኖሩ ደስ አላላቸውም።

በሚቀጥለው እሑድ ዘዴ ፈጠሩ። ከአቶ ደገፋ ጋር ዳማ ተቀምጠው ቆርኪዎቻቸውን እያወጡ፣ እያወጡ፣ ብላኝ ብላኝ በሚል አኳኋን ወደፊት ገፉ። አቶ ደገፋን ላብ አጠመቃቸው። አንድ ቆርኪ ሲያተርፉ አንዱን ይሠዋሉ፤ አንዱን በር ሲዘጉ ሌላ ይከፍታሉ፤ የሚሸሹበት ጠፋ። በመጨረሻ ሳይበላ የሚንቀሳቀስ ቆርኪ በሰሌዳው ላይ ሲያጡ፣ ክርናቸውን ዘርግተው ሰሌዳውን ገለበጡት።

«ውይ! ይቅርታ ጋሼ» አሉ፣ ቆርኪ ከመሬት እየለቀሙ። «ቢሆንም እርስዎ እየመሩ ነበር።»

አቶ ወልደ ሚካኤል አመስግነው ተነሡ።

በዚያው ሳምንት የእድሩን ማስታወቂያ ሊያስጽፉ ከፍርድ ቤቱ ወረድ ብሎ ወዳለው የየአብስራ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዱ። የአብስራ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ እዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ልጅ ነው። ኮፒ ያነሣል፣ አቤቱታ ይተይባል፤ ሰው ከሌለ ግድግዳ ያያል። ግድግዳው ላይ ምንም የለም፤ እሱ ግን ሲያየው ብዙ ነገር እንዳለበት ነው የሚያየው።

ያን ቀን ግድግዳ አላየም። አቶ ወልደ ሚካኤል ሲገቡ ብድግ ብሎ «ኖር!» አለ።

«በእግዚአብሔር! ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» አሉና ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ አረፈ። «ምንድን ነው እሱ?»

የአብስራ እጁን ወደ ማውሱ ሰደደ። «ምንም አይደል አባባ። ጌም ነው። ኢንተርኔቱ ላይ ያለ ነው፤ አልጫንኩትም።»

«ተወው፣ አትዝጋው። ሰውዬው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚሄደው?»

«ጉልበት የለውም።»

«ደክሞት ነው?»

«አይ፣ ጉልበት የለውም፤ የሚታጠፈው። ሲፈጠርም የለውም።»

ጨዋታው ይህ ነበር፦ ሐብሐብ የሚያህል ጭንቅላት ያላቸው፣ ቁምጣ የለበሱ፣ ጉልበት የሌላቸው ሁለት ሰዎች ይሮጣሉ። እግራቸው እንደ ኮምፓስ ነው። ለግራ እግር አንድ ቁልፍ፣ ለቀኝ እግር አንድ ቁልፍ። በመንገዳቸው ላይ በርሜል አለ፤ መዝለል ያስፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ አይዘለልም። ከበርሜሎቹ በኋላ አንድ ጠባብ በር አለ። ቀድሞ የገባ በሩን በሌላኛው አፍንጫ ላይ ይዘጋበታል። የተዘጋበት ሰው በግንባሩ ይደፋል፤ ከዚያ አንዲት ዶሮ ከየት መጣች ሳትባል መጥታ ጀርባው ላይ ትወጣለች፣ ዞር ዞር ትላለች፣ እንቁላል ትጥልበታለች። አለቀ። ሌላ ደረጃ የለውም። ነጥብ የሚያዘውም በእንቁላል ነው፤ ብዙ እንቁላል የተጣለበት ተሸናፊ ነው።

አቶ ወልደ ሚካኤል ይህን ሁሉ በጥሞና ሰሙ። የመምሪያ ኃላፊ ሳሉ ዓመታዊ ዕቅድ ሲቀርብላቸው እንዲህ ነበር የሚሰሙት።

«ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?»

«ከራሱ ከኮምፒውተሩ ጋር።»

«እኔን ያውቀኛል?»

«ማን?»

«ኮምፒውተሩ።»

የአብስራ ጥያቄው ቀልድ መሆን አለመሆኑን ፊታቸው ላይ ፈለገ። አላገኘውም። «አይ፣ አያውቅዎትም» አለ።

«እንግዲያው ተነሥልኝ።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ፎቶ ኮፒው ላይ አስቀመጡና ተቀመጡ። አንዱን ቁልፍ ተጫኑ፤ ሰውዬው አንድ እግሩን አንሥቶ ቆመ። ሌላውን ተጫኑ፤ ሰውዬው በአየር ላይ ተሰነጠቀና በአፍንጫው ተተከለ። የኮምፒውተሩ ሰውዬ እንደ ምንም አጠገቡ አልፎ ሄደ። በሩ ጓ! ብሎ ተዘጋ። ዶሮዋ መጣች፣ ዞር ዞር አለች፣ እንቁላል ጣለችባቸው።

አቶ ወልደ ሚካኤል እንቁላሉን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። በሕይወታቸው ማንም ምንም ጥሎባቸው አያውቅም። ከሆዳቸው አንድ ነገር ተነሣና ደረታቸው ላይ ትንሽ ቆይቶ በአፍንጫቸው ወጣ። ሳቅ ነበር። የአብስራ አስነጠሳቸው መስሎት «ይማርዎት» አለ።

«ድገመው» አሉ።

ተደገመ። ወደቁ። ተደገመ። በርሜል ላይ ሆዳቸው ተሰቅሎ ቀረ። ተደገመ። ይህን ጊዜ አንድ በርሜል ዘለሉ፤ በደስታ ሁለቱንም ቁልፍ ባንዴ ተጫኑና ወደ ኋላ ተንጋለሉ። ከፍርድ ቤት ወደ ሜክሲኮ የሚወርድ ሰው ሁሉ በበሩ ሲያልፍ፣ ከረባት ያሰሩ ሽማግሌ ወደ ስክሪን ተጠግተው «ግራ! ግራ እኮ ነው ያልኩህ!» እያሉ ሲያዙ ያያል፤ ጠበቃ መስለውት ያልፋል።

በማግሥቱ መጡ። በማግሥቱም። ማስታወቂያ ሊያስጽፉ ነው የሚመጡት። እድሩ በታሪኩ ያላወጣውን ያህል ማስታወቂያ በዚያ ሰሞን አወጣ። የመጀመሪያው፣ ከእድሩ የተዋሱትን ወንበር ያልመለሱ እንዲመልሱ የሚያሳስብ ነበር። ሁለተኛው፣ ወንበር የመለሱትን ያመሰግናል። ሦስተኛው፣ ቀደም ሲል የወጡት ሁለት ማስታወቂያዎች ትክክል መሆናቸውን ይገልጻል።

ግን ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ጎደለው። ሲያሸንፍ ያሸንፋል እንጂ ደስ አይለውም። አንድ ቀን አቶ ወልደ ሚካኤል በመጨረሻ ቀድመውት በሩን አፍንጫው ላይ ሲዘጉበት፣ ዞር ብለው የሚያዩት ፊት አጡ። ባዶ ስክሪን ነው። እንዲህ ያለውን ማሸነፍ በዳማም አግኝተውታል።

«የአብስራ፣ ይሄ ነገር ለሁለት ሰው ይሆናል?»

«ይሆናል አባባ። እርስዎ በቀስቶቹ፣ እኔ በፊደሎቹ።»

«ና እስቲ።»

ጎን ለጎን ተቀመጡ። የየአብስራ ሰውዬ የተለየ ነበር። ጉልበት የለውም፣ ግን አለመኖሩን የለመደ ሰውዬ ነው፤ ጧ ጧ እያለ በርሜሉን ሁሉ እንደ ደጃፍ ድንጋይ ተራመደው። አቶ ወልደ ሚካኤል እየወደቁ እየተነሡ ተከተሉት። የአብስራ በሩ ጋ ደረሰ። ቆመ።

አቶ ወልደ ሚካኤል ከኋላ መጥተው ደረሱበት። «ምን ሆነ? ተበላሸ?»

«አይ፣ አልተበላሸም» አለ የአብስራ። ሰውዬው የበሩን ዳር ይዞ ቆሟል። «ይግቡ አባባ።»

«ቀድመኸኛል እኮ!»

«ይሁን፣ ይግቡ።»

«ይሄ ሰውዬ እኔ አይደለሁም፤ ቁምጣ ነው የለበሰው።»

«አውቃለሁ። ግን... ይግቡ በቃ።»

አቶ ወልደ ሚካኤል ገቡ። በሩ ጓ አለ። ዶሮዋ የየአብስራ ጀርባ ላይ እንቁላል ጣለች። አቶ ወልደ ሚካኤል እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አነሡ፤ ባርኔጣቸውን ፈለጉ።

«እዚህም ደረሱብኝ» አሉ ለብቻቸው።

የአብስራ ምን እንዳጠፋ አላወቀም፤ ማጥፋቱን ግን ከትከሻቸው አወቀ። «ምን በደልኩዎት አባባ?»

«አልበደልከኝም። አከበርከኝ።» ባርኔጣቸውን ይዘው ቆሙ፤ ከዚያ ሐሳባቸውን ቀየሩና ተመልሰው ተቀመጡ። «ስማ። አንተን አስቸግሬሃለሁ፣ አንድ ነገር ልጨምርብህ። አንተ በለኝ።»

«እ?»

«ከዚህ ወንበር እስክነሣ ወልዴ ነኝ። ስነሣ አባባ እሆናለሁ። አንቱ እያልክ ሰው ማሸነፍ አይቻልም። ተሞክሯል።»

የየአብስራ ጆሮ ጋለ። «እንዴት ብዬ!»

«አባትህን ምን ትለዋለህ?»

«አንተ።»

«ታዲያ እሱን እንዴት ቻልከው?»

«አባቴ ነዋ!»

አቶ ወልደ ሚካኤል የገዛ ልጆቻቸውን አሰቡ። «ሞክር ብቻ» አሉ።

የአብስራ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንተ...» አለ። «አንተ ይዝለሉ።»

«ዝለል ነው የሚባለው።»

«አንተ ዝለል፣ አባባ።»

«አባባ የለም።»

«አንተ... ዝለልልኝ።»

ለዚያ ቀን ይበቃል ተባለ።

ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ከረሙ። የአብስራ ከአንተ ይጀምርና እርስዎ ላይ ይደርሳል፤ ሲጨንቀው አንተም እርስዎም ሳይል «መዝለል ነው፣ መዝለል ነው» እያለ ያልፋል። በሩ ጋ ሲደርስ ጣቱ ይቆማል። አቶ ወልደ ሚካኤል ይገባሉ። እንቁላሉ ሁሉ የየአብስራ ሆነ። አቶ ወልደ ሚካኤልም እየተቆጡ ማስታወቂያቸውን ይዘው ይወጣሉ።

አንድ ሐሙስ ግን አቶ ወልደ ሚካኤል አንድ ነገር ተማሩ። እየሮጡ ቀኝ እግራቸውን ወደ ጎን ቢወረውሩት፣ የጎረቤታቸውን ሰውዬ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያገኘዋል። ሳያስቡት አገኙት። የየአብስራ ሰውዬ በርሜል ውስጥ በጭንቅላቱ ገባ።

«እንዴ!» አለ የአብስራ።

ደገሙት። ደግሞ ገባ። በሦስተኛው ይህ ግድግዳ ሲያይ የሚውል ልጅ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። «ጠልፈኸኝ ነው!» አለ። «ተው፣ ተው እንዳትጠልፈኝ!» አቶ ወልደ ሚካኤል ምላሳቸውን በጥርሳቸው ይዘው ይሮጣሉ። ሁለቱ ሰውዬዎች ተናንቀው፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተንገዳገደ በሩ ጋ ደረሱ።

«ወግድ! ወግድ ከበሩ! አንተ ወልዴ፣ ወግድልኝ እኮ ነው የምልህ!» ጓ! «በላሁህ! በላሁህ ሽሜ! እንካ እንቁላልህን!»

ዶሮዋ መጣች፣ ዞር ዞር አለች፣ ጣለች።

የአቶ ወልደ ሚካኤል ፊት እንደ ሙሽራ በራ። ዞር ሲሉ በቤቱ በር ላይ አቶ ደገፋ ቆመዋል።

አቶ ደገፋ የመጡት ስለ ማስታወቂያዎቹ ነበር። የእድሩ ጸሐፊ እሳቸው ሆነው ሳለ፣ ያልጻፉት ማስታወቂያ በየግንቡ ላይ ተለጥፎ ስላዩ ከየት እንደሚወጣ ሊያጣሩ ነው። እጃቸው ላይ ሦስተኛውን ይዘዋል።

«ምን አልክ አንተ?» አሉ የአብስራን።

የአብስራ ተነሥቶ ቆመ። ጋለ የተባለው ጆሮው አሁን ቀዘቀዘ።

«እኚህ ሰው ማን እንደሆኑ ታውቃለህ? ሽሜ? ለእድር ዳኛ ነው ሽሜ የሚባለው? እድሩ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት አንዲት መስመር አያስጽፍም! አባትህንም ዛሬውኑ አነጋግራለሁ። ምን ዓይነት ስድ ነው ያሳደገው!» ከዚያ ወደ አቶ ወልደ ሚካኤል ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጋሼ፣ ይነሡ፤ እንሂድ።»

የአብስራ አቶ ወልደ ሚካኤልን አየ።

አቶ ወልደ ሚካኤል ከወንበሩ ቢነሡ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ አባባ ይሆናሉ፤ የሰደባቸው ባለጌ ልጅ ነው ይባላል። ባይነሡ፣ ነገ ሙሉ እድሩ ዳኛው ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ዶሮ እንቁላል ስትጥልባቸው እንደሚውሉ ይሰማል። ባርኔጣቸውን አዩት። ፎቶ ኮፒው ላይ ነው። የተጣለባቸውን እንቁላልም አዩት።

አልተነሡም።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አሉ።

«ምን ብለው?»

«አንተ በለኝ ብዬ። ሽሜን እንኳ አላልኩም፤ እሷ የራሱ ናት። ጥሩ ናት።»

አቶ ደገፋ ቀረብ ብለው ግንባራቸውን በዓይናቸው መረመሩ። «ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ደኅና ነኝ። ራሱን የሚያመው ሌላ ሰው ነው አሉ። ሦስት ቆርኪ ሲከፈትለት አለማየት ጠፍንጎ ይይዘዋል አሉ፣ ማታ ማታ።»

አቶ ደገፋ የያዙትን ማስታወቂያ አጠፉት። የዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ ስስ መሆኑን ያኔ አሰቡት መሰለኝ።

«ቁጭ በል ደገፋ» አሉ አቶ ወልደ ሚካኤል። «የአብስራ፣ አሳየው።»

አቶ ደገፋ እንደ ተፈረደበት ሰው ተቀመጡ። የአብስራ ግራው በዚህ፣ ቀኙ በዚህ ብሎ አሳያቸው። መጋዝና መዶሻ የለመዱት ጣቶቻቸው ከአንድ ቁልፍ በላይ ይሸፍናሉ። ተጀመረ፤ የአቶ ደገፋ ሰውዬ ከመነሻው ሳይርቅ ተሰነጠቀና ወደቀ። አቶ ወልደ ሚካኤል ገቡ። እንቁላል።

«አየህ፣ አሁንም ለቀቅክልኝ» አሉ ቅር ብሏቸው።

«ኧረ በማርያም አለቀቅኩም! ይሄ እግር እኮ... ቆይ፣ ቆይ ይሄ እግር ለምንድን ነው የማይታዘዘው?» አሉ አቶ ደገፋ። ተደገመ። ወደቁ። እንቁላል። «ማነው ይሄን የሠራው? ማጠፊያ የሌለው እግር ይሠራል? እኔ ቁም ሣጥን እንኳ ማጠፊያ ሳላደርግለት አልሰጥም!»

አቶ ወልደ ሚካኤል ከስክሪኑ ዞር ብለው የአቶ ደገፋን ፊት አዩ። ጅማታቸው ተወጥሯል። ይህን ሁሉ ዓመት ዳማ ላይ ሲሸነፉ አንድ ቀን ሲናደዱ አይተዋቸው አያውቁም ነበር። ያሸነፉት የምር ነው። አሸንፈዋል ማለት ነው፤ ሁለቴ።

በሦስተኛው አቶ ደገፋ ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ ተከሉ። ዝግ ብለው፣ እያንዳንዱን እግር እንደ ሚስማር እየመቱ ሄዱ። በርሜሉን አለፉ። ሁለተኛውን አለፉ። አቶ ወልደ ሚካኤል ሊጠልፏቸው እግራቸውን ወረወሩና ራሳቸው ተንገዳገዱ። አቶ ደገፋ በሩ ጋ ደረሱ።

ቆሙ።

አቶ ወልደ ሚካኤል ደረሱባቸውና እሳቸውም ቆሙ።

«ይግቡ ጋሼ» አሉ አቶ ደገፋ በለሆሳስ።

«አልገባም።»

«ኧረ በልደታ፣ ይግቡ።»

«ግባ አንተ፤ ቀድመሃል።»

«እኔ እርስዎን ቀድሜ በበር ልግባ? ምን ነካዎት!»

ሁለቱ ቁምጣ ለባሾች በሩ ግራና ቀኝ እንደ ቤተ ክህነት ሰዎች ቆሙ። ትንሽ ሲቆዩ ዶሮዋ ሳትጠራ ወጣች። መሀላቸው ቆማ አንዱን አየች፤ ሌላውን አየች።

«ይሄን አይቼው አላውቅም» አለ የአብስራ።

ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ የፍርድ ቤት ፋይል ታቅፋ ኮፒ የምትጠብቅ አንዲት ሴትዮ ነበረች። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባትም ነበር፤ አሁን ገብቷታል። «ኧረ አንዳችሁ ግቡ!» አለች። «ቀጠሮዬ አለፈብኝ እኮ!»

አቶ ወልደ ሚካኤል ሁለት እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አንሥተው ደረታቸው ላይ አጣመሩ። «እኔ እዚህ መዋል እችላለሁ» አሉ። «ጡረተኛ ነኝ።»

አቶ ደገፋ በሩን አዩት። ክፍት ነው። ሦስት ቆርኪ ባንዴ እንደሚበላበት መንገድ ወለል ብሏል። ይህን ሁሉ እሑድ ያላዩት፣ ማታ ማታ ራሳቸውን ጠፍንጎ የሚይዛቸው መንገድ ነው። አውራ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ወጣች፤ ወረደች፤ ወጣች።

ጓ!

የአቶ ወልደ ሚካኤል ሰውዬ በግንባሩ ተደፋ። ዶሮዋ ብዙ ስለጠበቀች ዞር ዞር እንኳ አላለችም፤ ወጥታ ጣለችው።

አቶ ደገፋ እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጭነው ነበር፤ ቀስ ብለው አወረዱት።

«በላሁ...» አሉ።

ቃሉ እዚያ ላይ ቆመ። የቀረችው ጫፏ ናት፤ ሁለት ዓይነት ጫፍ አላት። የአብስራ አንገቱን አሰገገ። ሴትዮዋም ፋይሏን ጠበቅ አደረገች።

«...ህ» አሉ አቶ ደገፋ።

ወዲያው ደነገጡ። «ጋሼ! ቅር አለዎት?»

«ቅር ብሎኛል» አሉ አቶ ወልደ ሚካኤል። ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ፤ ከረባታቸውን ላላ አደረጉ። «በጣም ነው ቅር ያለኝ። ድገም።»